የጋሽ ደምሴ መኪና ፊት

ኮምቦልቻ ውስጥ ከምኖርበት ቤት ጥቂት እልፍ ብሎ የከባድ መኪና ላቫጆ አለ። ከሰዓት በኋላ ከቆላ የመጣ ባለ ተሳቢ ገብቶ ቆሞ፣ አጣቢው ውሃውን ወደ መኪናው ፊት ሲለቅበት፣ ከጋለው ብረት ላይ እንፋሎት ይነሳና የዛገ ውሃ፣ የዘይት፣ የአቧራና የተቃጠለ ክንፍ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ግቢዬ ይገባል። የተቃጠለ ክንፍ ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም። እኔ አውቀዋለሁ። በሸተተኝ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ፤ ዐሥር ዓመቴ ይሆናል፣ ወረንጦ በእጄ ይዣለሁ፣ አሰብ ነኝ።

የተወለድኩት አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ነው። አባቴ ታደሰ ከወደቡ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ ሾፌር ነበር፤ እናቴን አስካለን ከወሎ አግብቶ አምጥቷት፣ በጣውላና በላሜራ በተሠራች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እኔንና ገና ዳዴ የሚለውን ወንድሜን ያሳድጉ ነበር። አገሩ ጨው፣ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ነው። ነፍሳት የሚወድ ልጅ የሚፈጠርበት ቦታ አይደለም፤ እግዚአብሔር ግን እኔን እዚያ ፈጠረኝ። የሰፈሩ ልጆች ባሕር ዳር ዛጎል ሲለቅሙ፣ እኔ በሆዴ ተኝቼ ጉንዳን የሩዝ ፍሬ እየጎተተ ስንጥቅ ውስጥ ሲያስገባ ሳይ እውል ነበር፤ እናቴ ቀሚሴን እያራገፈች፣ «ይቺ ልጅ ምን ጠፍቶባት ነው መሬት መሬት የምታየው?» ትል ነበር እንጂ አንድም ቀን አልከለከለችኝም።

አባቴ ከመንገድ ሲመለስ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ባዶ ሜዳ ላይ መኪናውን ያቆምና፣ ከጋቢናው ሳይወርድ ክላክሱን ሁለቴ ይነፋ ነበር። ለእኔ ነው። የእናቴን ወረንጦና የብስኩት ቆርቆሮዬን ይዤ እሮጣለሁ። ከራዲያተሩ ፊት ባለው ወንፊት ላይ የመንገዱ ነፍሳት ሁሉ ተጣብቀው ይጠብቁኝ ነበር፤ ከላይ የአፋር ሜዳ አንበጣና ጢንዚዛ፣ ከእነሱ ሥር የባቲ ቢጫ ቢራቢሮ፣ ከሁሉም ሥር የኮምቦልቻ ንብና አረንጓዴ ፌንጣ። ከላይ ወደ ሥር እያነሳሁ ስለቅም፣ አባቴ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ እየሄድኩበት ይመስለኝ ነበር። ዛፍ የሞላበት አገር አይቼ አላውቅም፤ ያወቅኩት በክንፍና በእግር ነው። አባቴም ለቅሜ እስክጨርስ እየጠበቀኝ፣ «ልጄ ሙሉ ሳታየው ይህን ፊት ማንም እንዳያጥብ!» ይል ነበር፤ ማንም አያጥበውም ነበር።

አባቴ ብቻውን አይጓዝም። በረሃው ውስጥ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲደርስለት ሾፌሮች ሁለት ሁለት ሆነው መሄድ ልማዳቸው ነው፤ የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። የሚመራው አባቴ ነው፣ የሚከተሉት ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ እኔ ሳውቃቸው አንድም ቀን ቀድመውት አያውቁም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከመኪናቸው ፊት ነው ያወቅኩት። ነፍሳቱን የፊተኛው መኪና ይጨርሳቸውና ለኋለኛው የሚተርፈው አቧራው ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ የእርስዎ መኪና ዛሬም ባዶ ነው» እላቸው ነበር።

«ምን ላድርግ ሙሉዬ፣ እኔ ጨዋ ሾፌር ነኝ፤ የእግዜርን ፍጥረት አልገጭም። ገዳዩ ያ አባትሽ ነው።»

«አንተ አቧራ ጠጪ!» ይላል አባቴ።

«ጠጪ ልሁን። አንተ ፊት ፊት ስትል አንድ ቀን ግመል ትገጭና ልጅህ በወረንጦ ትለቅመዋለች!»

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዝናብ ጣለ። አሰብ ላይ ዝናብ ማለት አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሳምንት ሙሉ እየመጣ እየሄደ ቆየና፣ ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ሜዳ ጥቃቅን ነጭ አበባ ባለው አረም ተሸፈነ። ጥምቀት አልፎ አንድ ጠዋት፣ ከአረሙ ግንድ ላይ ነጭ ስንጥር የመሰለ ነገር አየሁ፤ ልነካው ስል ስንጥሩ ተከፈተና ክንፍ ሆነ። የእሳት እራት ናት፤ ግን እንደ ሌሎቹ ትቢያ የመሰለች አይደለችም፣ በጠራራ ፀሐይ ትበራለች። በነጩ ክንፏ ላይ ቀይና ጥቁር ነጥብ አንድ በአንድ ተሰድሯል። በጣቴ ያዝ ሳደርጋት ከአንገቷ ሥር ቢጫ አረፋ አወጣች። ደንግጬ ስለቃት፣ አጥር ላይ የቆመ ቁራ ዘልሎ ለቀማትና ወዲያው ተፋት፤ እሷም ክንፏን አስተካክላ ወደ አረሙ ተመለሰች። ቁራ የተፋውን ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

እንደገና ይዤያት እናቴ ዘንድ ሮጥኩ። አየቻትና፣ «ባለ ጥልፍ ናት። ፈጣሪዋ ይመስገን» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ ባለ ጥልፏ ሆነ። ጎረቤታችን አደይ ለተ ግን በሚያዋስነን ግንብ ላይ ብቅ ብለው አይተው አልወደዷትም። አደይ ለተ አንድ ልጃቸውን ሀብቶምን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ከእናቴ ጋር ጨውና በርበሬ የሚዋዋሱ፣ አማርኛውንም ትግርኛውንም አንድ ላይ የሚናገሩ ሴት ነበሩ። «ጥልፍ አይደለም፣ ደም የነጠበበት ነጠላ ነው» አሉ። እናቴ፣ «ተይ አደይ፣ ፍጥረት ክፉ ወሬ አያመጣም» አለቻቸው።

አባቴ ሲመጣ ያሳየሁት ከሁሉ ቀድሞ እሷን ነበር።

«ይህቺማ የትም አለች» አለኝ። «ኮምቦልቻ ሽንብራ ማሳ ላይ ሞልታለች።»

«አይደለም! የአሰብ ናት!»

«እንወራረድ?»

«በምን?»

«ከኮምቦልቻ ይዤልሽ ከመጣሁ፣ አንድ ጊዜ የእኔን ትተሽ የደምሴን መኪና ፊት ትለቅሚያለሽ።»

«ካላመጣህስ?»

«በጋቢና ጭኜ ኮምቦልቻ እወስድሻለሁ፤ ራስሽ ትፈልጊያለሽ።»

ጋሽ ደምሴ ከዳር ሆነው፣ «እኔን መቀጣጫ አደረጋችሁኝ!» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ባለ ጥልፏ በዛች። መጀመሪያ አረሙ ላይ አባ ጨጓሬው ርስ በርስ እስኪረጋገጥ ድረስ ሞላ፤ ከዚያ በመጋቢት መጨረሻ ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሲነሳ ሲያርፍ እናይ ነበር። በመስኮት ይገባሉ፣ በተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋሉ፣ የውሃ በርሜል ውስጥ ይንሳፈፋሉ። እኔ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ፤ ትልልቆቹ ግን ደስ አላላቸውም። በዚያ ሰሞን የሰው ድምፅ ዝቅ ብሎ ነበር። ሾፌሮች በር ላይ ቆመው ሲያወሩ እኔ ስጠጋ ዝም ይላሉ፤ ራዲዮ ሲከፈት እናቴ ወንድሜን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ከወደቡ የሚወጣው የመኪና ሰልፍ ሳሳ። አንድ ቀን አደይ ለተ እንደ ወትሮው በግንቡ ላይ ሳይሆን በበሩ መጡና፣ ከመግባታቸው በፊት ግራና ቀኝ አዩ። «ሀብቶምን ለወታደርነት ጠሩት» አሉ ለእናቴ። እናቴ እጃቸውን ይዛ አብራቸው ተቀመጠች። ያን ቀን ከአደይ ለተ ሻሽ ላይ አንዲት ባለ ጥልፍ አርፋ ነበር፤ አየኋት፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ሳልናገር ቀረሁ።

አባቴም ደህና አልነበረም። ደክሞት ይመጣል፣ ምግቡን ገፋ አድርጎ «ጾም ነው» ይላል፣ በጥላ ሥር ተቀምጦም ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። እናቴ ስትጠይቀው፣ «የመንገዱ ነፋስ ዓይኔን በልቶት ነው» ይል ነበር። እኔ የፌንጣን እግር መጋዝ የሚመስለውን እሾህ ሳይቀር የማውቅ ልጅ፣ ከዚያ መነጽር ጀርባ ያለውን አላየሁም። ይህን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ፋሲካን አብረን ፈሰክን። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሙቀቱ ገና ሲጀምር፣ አባቴና ጋሽ ደምሴ ጭነው ተነሡ። አባቴ ወደ ጋቢናው ሲወጣ አንድ ጊዜ ቆሞ መወጣጫውን ይዞ አረፈ። ከዚያ ባዶ የክብሪት ሳጥን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝና፣ «ልደታን አብረን እንውላለን፤ ይህ ሞልቶ ይመጣል» አለኝ። መኪናው ሲሄድ ከኋላው ነጫጮቹ ከአቧራው ጋር ተነሥተው እንደገና መሬት ላይ አረፉ።

የልደታ ዕለት የሰፈሩ ሴቶች እንደ ደጋው ወግ ከቤት ውጭ እሳት አንድደው ንፍሮ ቀቀሉ። በአሰብ ሙቀት ከእሳት አጠገብ መቀመጥ ጭንቅ ነው፤ ሆኖም የአገር ቤት ልማድ እንዳይቀር ብለው በየዓመቱ ያደርጉት ነበር። በዚያ ዓመት የመጡት ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዱ ቤት ተዘግቷል። ከሰዓት በኋላ ንፍሮው ሲታደል የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ክላክስ አልተነፋም። ብቅ ስል ያየሁት የጋሽ ደምሴን መኪና ብቻ ነው።

ጋሽ ደምሴ ወርደው ወደ እናቴ መጡ፤ አልቀለዱም።

«ታደሰስ?» አለች እናቴ።

«እስከ ቡሬ ድረስ ከፊቴ ነበር። እዚያ ወረቀት ጎደለ ብለው አቆሙት፤ እኔን ሂድ አሉኝ። ነገ፣ ግፋ ቢል ከነገ ወዲያ ይደርሳል።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው እንጂ! አትጠብቂኝ፣ እመጣለሁ ብሏል... ማለቴ፣ አታስቢ፣ ጠብቂኝ ብሏል።»

ድንበሩ ላይ ያለው ቡሬ ከአሰብ ቅርብ ነው፤ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። እናቴ «ተመስገን» ብላ ንፍሮ በሳህን ሰጠቻቸው። እኔ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ እጄ ልማዱን ይዞ ወረንጦውን አነሣና ወደ ጋሽ ደምሴ መኪና ፊት ሄድኩ። ባዶ አቧራ ጠብቄ ነበር።

ፊቱ ሞልቶ ነበር። ወንፊቱ እስኪደፈን ድረስ ሞልቶ ነበር። ከላይ አንበጣው፣ ጢንዚዛው፤ በወረንጦ ሳነሣው ከሥሩ የባቲ ቢጫ ቢራቢሮ፤ እሱን ሳነሣ ንቦቹ፣ አረንጓዴዎቹ ፌንጣዎች፣ ሁሉም። በሕይወቴ የምመኘው ነገር በዚያ መኪና ፊት ላይ ይህን ያህል ማየት ነበር፤ ሳየው ግን ወረንጦውን ዝቅ አደረግኩ። ከኮምቦልቻ እስከ አሰብ ከዚህ መኪና ፊት ማንም አልነበረም። አባቴ አልመራም። ቡሬ ላይ የለም።

ትልቅ ሰው ዋሸ ማለት በእኛ ቤት አይቻልም፤ ደግሞም በእኛ ዘንድ ክፉ ነገር ሲደርስ በአንድ ጊዜ እንደማይነገር፣ መጀመሪያ «ትንሽ አሞት ነው»፣ «መንገድ ላይ ነው» እየተባለ እንደሚዘገይ በዚያ ዕድሜዬም አውቅ ነበር። የአንዷ ጎረቤታችን ወንድም ሞቶ፣ ሳምንት ሙሉ «ሥራ በዝቶበት ነው» ሲሏት ሰምቻለሁ። ዝም ካልኩ ነገ ይመጣ ይሆናል፤ ከተናገርኩ የማይመጣ መሰለኝ። ከንፍሮው አንድ ጭብጥ ይዤ ሳልቀምሰው እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

እናቴ ድስቱን ልታጥብ ወደ ጓሮ ስትሄድ ተከተልኳት።

«እማዬ፣ የጋሽ ደምሴ መኪና ፊት ሞልቷል።»

«ምን ሞላው?»

«የኮምቦልቻውም የባቲውም። አባዬ ከፊታቸው አልነበረም።»

ድስቱን አስቀመጠች። እኔ ስለ ነፍሳት ሳወራ ከዚያ በፊት «እሺ» ከማለት በቀር ሰምታኝ አታውቅም ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ሁሉንም ትሰማ ኖሯል። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ መኪናው ሄደች፣ ወንፊቱን በጣቷ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ጠረገችው፣ ጣቷን አየችው። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ወደ ተቀመጡበት መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«ደምሴ፣ ታደሰ ሞቷል?»

ሳህኑ ከእጃቸው ወደቀ። «አልሞተም! በማርያም፣ በዛሬዋ ልደታ አልሞተም!»

«የት ነው?»

«ኮምቦልቻ። እህቱ ቤት። ሲመለስ እዚያ ደርሶ መነሣት አቃተው፤ ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ ጉበቱ ነው አሉን። ዓይኑ... አስካለ፣ ዓይኑ የእንቁላል አስኳል መስሏል። ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ደብቆን ነው። ለአስካለ ብትነግራት ወንድም አይደለህም፣ በዚህ መንገድ ልጆቼን ይዛ እንዳትወጣ አለኝ። አስማለኝ።»

«አንተ መቼ ትመለሳለህ?»

«ነገ ጎህ ሲቀድ። ወደቡ ላይ ሳትቆዩ ውጡ እያሉን ነው። ግን አስካለ፣ መንገዱ...»

«ስንት ሰዓት?»

ጋሽ ደምሴ ሻሻቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ዐሥራ ሁለት ሰዓት» አሉ ከሻሹ ሥር።

እናቴ የያዘችው ጥቂት ነው፤ የወንድሜን ልብስ፣ የጸሎት መጽሐፏን፣ የአባቴን ጋቢ። እኔ ቆርቆሮዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ስቆም፣ «ቦታ የለም ልጄ» አለችኝ፤ አልቆጣችም። ለአደይ ለተ ሰጠሁት። አደይ ለተ ቁልፉንም ቆርቆሮውንም ተቀብለው፣ «አጆኺ፣ አይዞሽ። ታደሰ ሲሻለው ትመለሳላችሁ። እስከዚያ ቤቱን እጠርጋለሁ» አሉ። ከእናቴ ጋር ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ሀብቶም እንደ ወጣ አልተመለሰም ነበር።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። በጋቢና ተቀምጬ ስጓዝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፤ ሆኖም መንገዱ ላይ ከፊት የሚመጣ አንድም መኪና አልነበረም፣ ሁሉም የሚወጣ ነበር። ከከተማው ራቅ እንዳልን ፀሐይዋ ብቅ ስትል፣ ከባሕሩ በኩል ነጭ ነገር መንገዱን እያቋረጠ ወደ ውስጥ አገር ሲነዳ አየሁ። ባለ ጥልፎቹ ናቸው። አረሙ ደርቆ አገር እየለቀቁ ነበር። መኪናችን መሐላቸው ገባ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ መስተዋቱ ላይ ጀመረ። ያን ሁሉ ዓመት ከመኪና ፊት ስለቅም ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እያንዳንዱ ጠብ ሲል ቢጫ ጠብታ ይቀራል። ጆሮዬን ያዝኩ። ጋሽ ደምሴ አይተውኝ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፣ ግን ማቆም አይቻልም ነበር። እናቴ ወንድሜን እያጠባች «አቡነ ዘበሰማያት» ትላለች፤ ትጨርሰዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

ቡሬ ላይ ወታደሮች አስቆሙን። አንዱ ወጥቶ ጋቢናውን አየ። ልጅ እግር ነው፤ ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል።

«የት ትሄዳላችሁ?»

«ባሌ ታሟል» አለች እናቴ።

እሷን አያት። ወንድሜን አየው። ከዚያ ወርዶ ገመዱን ዝቅ አደረገልን። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ወታደር በጸሎቷ ታነሣው ነበር፤ ስሙን ስለማታውቅ «ከንፈሩ የቆሰለው» እያለች።

በማግስቱ ሳይመሽ ኮምቦልቻ ገባን። አባቴ አክስቴ ቤት መደብ ላይ ተኝቶ ነበር፤ መነጽሩ የለም። ዓይኑን ያን ጊዜ አየሁት፤ ቢጫ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ማን ነገራችሁ?» አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «ደምሴ፣ አስምዬህ አልነበር?»

«እኔ ምን አደረግኩ? ልጅህ ከመኪናዬ ፊት ላይ ለቅማ አገኘችው።»

አባቴ ትንሽ አሰበና ሳቀ፤ ሲስቅ ጎኑን ያዘ። «ጨዋው ሾፌር! አንተም ገዳይ ሆንክ አይደል?»

ከዚያ ጠራኝ። ከትራሱ ሥር የክብሪት ሳጥኑን አወጣና በእጄ ላይ አስቀመጠው። ከፈትኩት። ሞታለች፣ ደርቃለች፤ ነጥቦቿ ግን እንዳሉ ናቸው፤ ቀዩም ጥቁሩም።

«ከሽንብራ ማሳ ነው» አለኝ። «ከመውደቄ አንድ ቀን በፊት። አላልኩሽም? የትም አለች። ተበልተሻል።»

«ከፍያለሁ» አልኩት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን ኖረ። እናቴ በየጠዋቱ ጠበል ታጠጣዋለች፣ ጋሽ ደምሴ ጢሙን ይላጩታል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ከማሳው ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ። እኛ በወጣን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ፤ ድንበሩ ላይ ጦርነት ተነሣ። «ነገ ይመጣል» ብለን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ ከዚያ ወዲያ ነገ አልነበረም። ስንት ሰው ባሉን፣ ወላጁን፣ መቃብሩን ሳያይ ቀረ። እናቴ በቀብሩ ማግስት የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፤ «ዐሥራ አንድ ቀን ሰጠን። በእጃችን ይዘን እንድናለቅስ አደረገልን። ተመስገን።»

አሰብ አልተመለስንም። ስለ አደይ ለተ በኋላ ከሰው ከሰው ጠየቅን፤ የሚያውቅ አልተገኘም። ቆርቆሮዬን አስቀምጠውት ይሆን ብዬ አሁንም አስባለሁ፤ ሀብቶም ተመልሶ ከፍቶት ምን የሚሉት ነገር ነው ብሎ ስቆ ከሆነ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ያኔ በቤታችን ፊት የሚቆመው መኪና ከደጋ ወደ ባሕር የሚመጣ ነበር፤ ዛሬ በቤቴ ፊት የሚያልፉት ወደ ሌላ ባሕር ይሄዳሉ። ያኔ የመኪና ፊት እስካየው ድረስ የሚያጥብ አልነበረም፤ ዛሬ ላቫጆው ቆም ሳይል ያጥባል። ባለ ጥልፏ ግን ከዝናብ በኋላ በግቢዬ አረም ላይ ትመጣለች፤ አባቴ እንዳለው የትም አለች። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ አንዷን በመዳፏ ይዛ መጥታ ከየት እንደመጣች ስትጠይቀኝ፣ እጇን ይዤ ወደ ላቫጆው ወሰድኳትና አጣቢውን፣ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ውሃውን ያዝልኝ» አልኩት። ግር አለው፤ ግን ያዘልኝ።

ልጄ ወደ ጋለው ወንፊት ተጠግታ አንድ በአንድ ታይ ጀመር። እሷ የመኪናውን ፊት ስታይ እኔ በየጠዋቱ እንደማደርገው የእሷን ዓይን አየሁ። ቢጫ የለበትም፤ ነጭ ነው። ተመስገን።